የኋላ ተኳሹ ወንበር

"ቆጣሪው ጓሮ ነው፤ ግቢ" አሉኝ ሽማግሌው በሩን ከፍተው።

የውሃ ቆጣሪ አንባቢ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ተከትያቸው ሄድኩና ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

"ባለፈው የመጣው ጎረምሳ በር ላይ ቆሞ ነው የሚገምተው፤ አንቺስ ትሻያለሽ" ሲሉኝ ፊቴ ጋለ።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከውሃ መሥሪያ ቤት አይደለሁም። ያኔ በእርስዎ ምትክ የበረረው የዚያ ልጅ እህት የልጅ ልጅ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ቤት ነኝ ብለሽ ቆጣሪዬን አነበብሽ?" ብለው ሳቁ። ያልኩት የገባቸው ቆይቶ ነው፤ ሳቁ ፊታቸው ላይ ደረቀ።

የአያቴ ወንድም የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተኳሽ ነበር። ጸሐፊው የበረራውን ዝርዝር የሚገለብጠው በዋዜማው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከተጻፈው ነው፤ ልጆቹ ግን ጠዋት ጠዋት በቃል ብቻ ወንበር ይቀያየሩ ነበር። አንድ ቀን አውሮፕላኑ ሳይመለስ ቀረ። ሞቱ ከተባሉት አንዱ፣ እኚህ ሽማግሌ፣ በሕይወት ሲገኙ ስማቸው ተሰረዘ። በቦታቸው ማን እንደገባ የጠየቀ አልነበረም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። የአያቴ ወንድም በዚያው ቀን "ከግዳጅ የከዳ" ተብሎ ተመዘገበ። አንድ ወንበር ባለቤት አጣ፣ በዚያው ቀን አንድ ልጅ ጠፋ፤ አያቴ ሁለቱን አገናኝታ የገባው ወንድሟ መሆኑን አወቀች፤ የሰማት ግን የለም።

አያቴ ሃምሳ ዓመት የከዳተኛ እህት ሆና ኖረች። የምትሠራበት ልብስ ስፌት ውስጥ "ወንድምሽ ካለበት አገር ሽቶ አልላከልሽም?" ይሏት ነበር። "ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ የኔ ወንድም ሁለቱንም ተነጠቀ" ትላለች።

ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የሟቾቹ መታሰቢያ ድንጋይ ሊመረቅ ነው። የአያቴ ወንድም ስም እንዲገባ የዓይን ምስክር ፊርማ ተጠየቅን። ከዚያ ምድብ በሕይወት የቀሩት እኚህ ሰው ብቻ ናቸው።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ሁለት ወጣቶች አውሮፕላን ክንፍ ሥር ተቃቅፈው ይስቃሉ። አንደኛውን በጆሮው ለየሁት፤ የእኛ ቤት ጆሮ ነው።

"እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ጻፊ" አሉ። ከዚያም ቀጠሉ፦ "አላመመኝም ነበር። ፈራሁ። የኋላ ወንበር ላይ ብቻህን ነህ፤ ለጓደኞችህ ጀርባህን ሰጥተህ ነው የምትቀመጠው። ሆዴን ይዤ ተንከባለልኩ። እሱ ግን 'ተኛ አንተ አሮጊት፤ ለምሳ እመለሳለሁ' ብሎ ጃኬቴን ለብሶ ሄደ።"

ጻፍኩ።

"አይ፣ ይሄንን አይደለም። 'በጠና ታምሜ ስለነበር' በይ።"

"አባባ፣ አያቴ እኮ..."

"የልጅ ልጆች አሉኝ። ፈሪ ተብዬ አልቀበርም። ትጽፊያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?"

"እሷ ሃምሳ ዓመት የፈሪ እህት ተብላለች" አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

"ጆሮዬን ሞተሩ ወስዶታል፤ አይሰማኝም" አሉ። የሰሙኝ ይመስለኛል።

ገጹን ቀደድኩት፤ የቆጣሪው ቁጥርም እዚያው ላይ ነበር። በሌላ ገጽ እንዳሉኝ ጻፍኩ። ፈረሙ።

ለአያቴ ሳነብላት ዓይኗን ጨፈነች። "አሞት ኖሯል ምስኪኑ! ወንድሜ ደግሞ በታመመ ሰው መቼ ይጨክናል" አለች። አላረምኳትም።

ቅዳሜ ስሙ ከሁሉም በታች ተቀርጾ አየነው፤ ቦታ ስላልበቃ ፊደሉ ያነሰ ነው። ሽማግሌው ከፊት ለብቸኛው ተራፊ በተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሜዳሊያ ተቀበሉ። አያቴ ሄዳ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችና "ስለመሰከሩለት እግዜር ይስጥልኝ" አለቻቸው።

"ምንም አይደል" አሉ።