ፍቱን እጅ

ወንድሜ ኢቲቻ ስድሳ መርፌ ታዞለት በሃያ ሦስተኛው ላይ አቆመ። ያቆመው የጉርድ ሾላው አቶ ሀብተወልድ እጃቸውን ደረቱ ላይ ዘርግተው «አሁን ድነሃል» ስላሉት ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ፣ በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ኮተቤ ባለች አንዲት ክሊኒክ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። የሰው ወንድም ስወጋ ውዬ ካራ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስገባ የገዛ ወንድሜ ኮረንቲ ተቀብሎ ተጋድሞ አገኘዋለሁ። ንዴቴን ፈጣሪ ያውቀዋል።

ኮረንቲ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። አቶ ሀብተወልድ የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ምሰሶ ላይ ወጥተው ሽቦ ሲያስሩ ኮረንቲ ያዛቸውና ወደቁ፤ ሦስት ቀን ራሳቸውን ስተው በአራተኛው ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ኮረንቲው እጃቸው ላይ ቀርቷል ተባለ። በሽተኛው ይጋደማል። እሳቸው በግራ እጃቸው እጁን ይይዙታል፤ ቀኛቸውን ከደረቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ይዘረጋሉ። በሽታው እንደ ሙቀት ይሰማቸዋል፣ ስበው አውጥተው ወደ መሬት ያራግፉታል። ገንዘብ አይቀበሉም። ቢቀበሉ ኖሮ ሌባ ብዬ እገላገል ነበር።

ኢቲቻ ድንጋይ ፈላጭ ነው። አባታችን ሲሞት እኔን ያስተማረኝ የእሱ መዶሻ ነው። ደም ሲተፋ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። መርፌውን ሲጀምር ሳሉ ቀነሰ፣ የሌሊት ላቡ ቆመ፣ እህል በላ። ግን አቶ ሀብተወልድ ዘንድ መሄድ የጀመረውም በዚያው ወር ነበርና ምስጋናው ሁሉ ለእጃቸው ሆነ። ሐኪሙ ደግሞ በመሀል ከተቋረጠ በሽታው ይመለሳል፣ ሲመለስ መድኃኒቱን ለምዶት ነው የሚመለሰው ብሎናል።

«ጋሼ፣ ያሻለህ እኮ መርፌው ነው» አልኩት።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» አለኝ እየሳቀ። «ለክሊኒኩ ካንቺ ሌላ ማን ይጩህለት። በሽታው ከደረቴ ሲወጣ ተሰምቶኛል።»

«ተይው ልጄ» አለች እናቴ የሺመቤት። «የሀብተወልድ እጅ ፍቱን ነው።»

ፍቱን ነው። አገሩ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ቃሏ ጆሮዬ ላይ ተለጠፈች። ለእንጦጦ ማርያም በዓል እናቴን ይዤ ያንን ዳገት ስወጣ እንኳ አልለቀቀችኝም። እናቴ ስትሳለም እኔ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘሁና ጠየቅኳቸው።

«ፍቱን ማለት ምን ማለት ነው፣ አባ?»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉ ደስ ብሏቸው። «ፈተነ ከሚለው የወጣ ነው። ፍቱን ማለት የተፈተነ ማለት ነው።»

«ያልተፈተነስ?»

«ያልተፈተነማ ምኑን ፍቱን ሆነ?»

ዳገቱን እየሮጥኩ ነው የወረድኩት። እናቴ ከኋላዬ «ምን ነካት ይህች ልጅ» ትላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴንና ኢቲቻን አስከትዬ ጉርድ ሾላ ሄድኩ። መንገድ ላይ ባለሱቁን ጋሽ ይማምን ለመንኳቸው፤ ሚዛናቸው ታምቶ የማያውቅ ሰው ናቸው፣ ለዳኝነት ከእሳቸው የተሻለ አይገኝም። አቶ ሀብተወልድ በደስታ ተቀበሉን።

«በሽታው ሳይነኩት ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ይሰማኛል፣ ልጄ። እንደ እሳት ወላፈን።»

«በመሀል ጨርቅ ቢኖርስ?»

ሳቁ። «ጨርቅ ቀርቶ ግድግዳም አይጋርደው።»

«ጋሽ ይማም፣ ሰምተዋል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

ይህን ቀድሜ ያስነገርኳቸው በኋላ ጨርቁ ኮረንቲውን ያዘው እንዳይባል ነው። ከዚያ ወደ ኢቲቻ ዞርኩ።

«በጨርቅ ጋርደንህ መኖር አለመኖርህን ካወቁት ከእንግዲህ የመርፌ ስም አላነሳብህም። ካላወቁት ሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ትመጣለህ።»

«እሺ። ትዋረጂያለሽ» አለ።

እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። በአጋጣሚ ቢሆንላቸውስ? ወንድሜን በገዛ አፌ ለሞት አሳልፌ ሰጠሁት ማለት ነው። ግን አንዴ ተናግሬያለሁ።

በሳሎኑና በጓዳው መሀል በር የለም፤ እዚያ አንሶላ ሰቀልን። ኢቲቻና ጋሽ ይማም ጓዳ ገቡ። እኔ ከአቶ ሀብተወልድ ጋር ሳሎን ቀረሁ፤ የጓዳውን እኔም እንዳላውቅ፣ ሳላስበው በዓይኔ እንዳልጠቁም። ጋሽ ይማም ሳንቲም ይወረውራሉ። ዘውድ ከወጣ ኢቲቻ አንሶላው ሥር በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ጎፈር፣ የአንበሳው ገጽ፣ ከወጣ ርቆ ግድግዳው ጋ ይቆማል። ኮቴው እንዳይለይ በየዙሩ ተነስቶ ጓዳውን አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ሃያ ጊዜ ይደረጋል።

«በሽተኛ ሰው ሃያ ጊዜ ታስነሺዋለሽ?» አለች እናቴ።

«ድኗል አላላችሁም?» አልኳት።

አቶ ሀብተወልድ እጃቸውን ወደ አንሶላው ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አለ» አሉ። ጻፍኩ። «አለ።» ጻፍኩ። «የለም።» በስድስተኛው ኢቲቻን ሳል ያዘው፤ ይህ አይቆጠርም፣ ይደገም አልኩ። አሥራ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ግንባራቸውን አላባቸው። አንዴም አላመነቱም ነበር፤ አሁን ግን ረጅም ጊዜ ይወስዱ ጀመር። የሚያታልል ሰው እንዲህ አይጨነቅም። አሳዘኑኝ፤ ግን አላቆምኩም።

ጋሽ ይማም በከሰል የጻፉትንና እኔ በእርሳስ የጻፍኩትን ጎን ለጎን አድርገን አየን። ከሃያው ያወቁት ዘጠኙን ነው።

«ዘጠኝ ማወቅስ ቀላል ነው?» አለች እናቴ።

«እንግዲያስ አንቺም ሞክሪ» አልኳት። ጋሽ ይማም ሳንቲሙን በመዳፋቸው እየሸፈኑ ሃያ ጊዜ ዘውድ ነው ጎፈር ሲሉ ጠየቋት። አሥራ አንድ አወቀች።

«ወይዘሮ የሺመቤት» አሉ ጋሽ ይማም፣ «ለካ እርስዎም ኮረንቲ አለዎት።»

ማንም አልሳቀም። አቶ ሀብተወልድ እጃቸውን ገልብጠው እያዩ ነበር።

«ፈትኜው አላውቅም» አሉ። «የዳነው ሊያመሰግነኝ ይመጣል። ያልዳነው ተመልሶ አይመጣም። የት እንደሚሄድ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ። እኛ ዘንድ ነው የሚመጡት፣ በቃሬዛ፣ መርፌው የማይደርስላቸው ሲሆኑ። ይህንንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

አለቀ ብዬ ጋቢዬን ሳነሳ ኢቲቻ «አልመጣም» አለ።

ደሜ ፈላ። «ቃል ገብተህ? በሰው ፊት?»

«ኮረንቲ የላቸውም፣ እሺ፣ አየሁ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ግን ከታመምኩ ወዲህ እጄን የያዘኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አንቺ ኩባያዬን ለየሽ። ስትወጊኝ እንኳ ፊትሽን አዙረሽ ነው።»

ኩባያውን እንድለይ ያዘዘኝ ሐኪሙ ነው። ፊቴን እንዳዞር ግን ማንም አላዘዘኝም። ወንድሜን ፈርቼው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ መድኃኒቱ ስጮኽ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ አልተቀመጥኩም። አፈርኩ።

አቶ ሀብተወልድ ተነስተው ትከሻውን ያዙት። «ኢቲቻ፣ መያዙን እይዝሃለሁ። አንተ ግን ተወጋ።»

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ አብረው መጡ። ሐኪሙ ካርዱን አይቶ፣ ብዙ ቀን ስለተቋረጠ ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀመር አለ። ኢቲቻ እጅጌውን ሰበሰበ። ፊቴን ሳላዞር ወጋሁት። መርፌውን አስቀመጥኩና እጁን ያዝኩት፤ ሻካራ ነው፣ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ እጅ።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

«ኮረንቲ የለውማ» አልኩት።

ካርዱ ላይ «አንድ» ብዬ የጻፍኩት በግራ እጄ ነው። ቀኙን አልለቀቀልኝም።