ቃለ ጉባኤው ውስጥ ያለችው እናት

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወንበር ስቦ ሲያስቀምጠኝ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ለእኔ ወንበር የሚስብልኝ ሰው የለም። ልብስ ማጠቢያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቆሜ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ፣ አንድ ቀን «ትንሽ አረፍ በይ» ያለኝ አላጋጠመኝም። ይሄ ግን ተነስቶ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ወንበሩን ሳበልኝ።

«አረፍ ይበሉ፣ እናት። ውሃ ላስመጣልዎ?»

«ኧረ ደህና ነኝ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ድምፁ ለስላሳ ነው። ሐኪም ክፉ ነገር ሊነግር ሲል እንደዚያ ይለሰልሳል። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

ሦስት ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሦስቱም ልጆቻቸው ስለታመሙ ከትምህርት እንደቀሩ የሚገልጹ የወላጅ ደብዳቤዎች ናቸው። ሦስቱም በአንድ እጅ ነው የተጻፉት። የዚያን እጅ ጽሑፍ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልገኝም። ገና ፊደል ሳልቆጥር፣ ልጄ ደብተሯ ላይ አጎንብሳ ስትጽፍ ስንት ዓመት አይቻታለሁ።

«ልጅዎ ናት የጻፈችው» አለ። «በወላጅ ስም ደብዳቤ መጻፍ ከባድ ጥፋት ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። እስከ ማባረር የሚደርስ እርምጃ አለ።»

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ማጠቃለያ ፈተናው አራት ወር ቀርቶታል። አሁን ከተባረረች ፈተናው ላይ አትቀመጥም፤ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረችው ሜዳ ላይ ይቀራል። ውሃውን እሺ ባልኩ ኖሮ አልኩ በሆዴ።

ምን ማለት እንዳለብኝ ግን አስቀድሜ ተዘጋጅቻለሁ። ከአጠገቤ የምትተኩሰው ጓደኛዬ፣ ነገር ስለምትችል «ጠበቃዋ» የምንላት፣ ትምህርት ቤት መጠራቴን ስነግራት ጠዋት መክራኛለች።

«ልጄ ጨዋ ናት እንዳትዪ! ጨዋ ናት ካልሽ እልህ ይይዛቸዋል። አንቺ ቀድመሽ ስደቢያት። አንቺ ስትሰድቢያት እነሱ ያዝኑላታል።»

«ባያዝኑላትስ?»

«ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ሦስቱም ረባሽ። አንድ የተባረረ አለ? የለም። በቃ!»

እውነቷን ነው፤ እኔም የማውቀው ንግግር ይኸው ነው። ልጄን ጎረቤት ስታመሰግንልኝ «ኧረ ተይኝ፣ ጉዷን ባየሽ» እላለሁ። ያኛዋም «እንዲህማ አትበይ፣ እንደሷ ያለ ልጅ የት ይገኛል» ትላለች። እኔ ዝቅ ሳደርግ ሌላው ከፍ ያደርጋል። እንዲህ ነው የምንነጋገረው።

ስለዚህ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጀመርኩ።

«ኧረ መምህር፣ እኔንስ መቼ ትሰማኛለች ብለው ነው? ዓመሏ የከፋ ነው። እኔማ አልቻልኳትም። እርስዎ እንደ አባት ሆነው ይቅጡልኝ። የፈለጋችሁትን አድርጓት። ብቻ ልጄ ናት፤ አደራ።»

ጠበቅኩ። አሁን «ኧረ እንዲህስ አይበሉ፣ ጎበዝ ተማሪ ናት» ይለኛል።

አላለም። ይጽፋል። «እሺ… እሺ…» እያለ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ይጽፋል። እስክሪብቶው ከአፌ እኩል ነው የሚሮጠው። ሰው ሲናገር የሚጽፍ ሰው ደስ አይለኝም፤ ዓይኑን አላየውማ።

ጨረሰና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። «እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ። ያሉኝን ነው የጻፍኩት፤ ምንም አልጨመርኩም።»

ምንም አልጨመርኩም የሚል ሰው ለምን እንደሚለው እንጃ። እኔ መች ጨመርክ አልኩት?

«ላንብበው» አልኩ።

ፈገግ አለ። «እኔ ላንብብልዎ፣ ይቀልዎታል።»

«አይ፣ ራሴ።»

የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ከሥራ ስወጣ፣ እጄ ገና የካውያ ሙቀት እያለው፣ እቀመጣለሁ። እንደ ሰው ቶሎ ቶሎ አላነብም። ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። እሱ ሰዓቱን አየ። ስልኩን አገላበጠ። ተነስቶ መስኮት ከፈተ። ሲቸኩል ባየሁ ቁጥር ጣቴ ይበልጥ ቀስ አለ።

እንዲህ ይላል፦ «ወላጅ የልጃቸው ባህሪ የከፋና ከቁጥጥራቸው ውጪ መሆኑን ገልጸዋል። ተማሪዋ ምክር እንደማትሰማ አረጋግጠዋል። ኮሚቴው የሚወስደውን ማንኛውንም እርምጃ እንደሚቀበሉ ተስማምተዋል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ውሸቱን ፈለግኩ፤ አጣሁት። ዓመሏ የከፋ ነው ብያለሁ። አትሰማኝም ብያለሁ። የፈለጋችሁትን አድርጓት ብያለሁ። ሁሉም ከአፌ የወጣ ነው። ግን እዚያ ወረቀት ላይ ያለችውን እናት አላውቃትም። ያቺ ሴትዮ ልጇን አሳልፋ ሰጥታ፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጥታለች።

«አደራ የት አለ?» አልኩት።

«ይቅርታ?»

«አደራ ብያለሁ። ልጄ ናት ብያለሁ። አልጻፉትም።»

«እናት፣ ቃለ ጉባኤ ላይ አደራ አይጻፍም።»

«ታዲያ ምንድነው የሚጻፈው?»

«ፍሬ ነገሩ ብቻ።»

«የእኔ ፍሬ ነገር እሷ ናት። ሌላውን ያልኩት እንዲያዝኑልኝ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ። ተንኮል ይሁን አይሁን ከፊቱ ልለይ ሞከርኩ። ደብዳቤ ከተጻፈላቸው ሦስት ልጆች የአንዷ አባት ትልቅ ሰው ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ልጅ ላይ ብቻ ተለጥፎ እንዲያልቅ የፈለገ ሰው ቢኖርስ? ወይም እንዲህ መጻፍ ተምሮ፣ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ብቻ ይሆናል። እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ልጄን ይጥሩልኝ» አልኩ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልጄ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ስትገባ ዓይኗን ወደ እኔ አላነሳችም።

«አንቺ፣ እነዚህን ጽፈሻል?» አልኳት።

«ጽፌያለሁ።»

«በማን ፈቃድ?»

«የሁለቱ እናቶች መጻፍ አይችሉም። ቤታቸው ሄድኩ፣ ነገሩኝ፣ ያሉትን ጻፍኩ። ልጆቹም የእውነት ታመው ነበር።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ ለሥራ ቦታሽ ማመልከቻ ስታስጽፊኝ አልነበር? ያኔ ጥፋት ነው አላልሽም።»

«ሦስተኛዋስ?»

የሸሚዟን እጅጌ መጎተት ጀመረች። ስታጠፋ እንዲህ እንደምታደርግ አውቃለሁ።

«አልታመመችም። እናቷም አታውቅም። ስትጎተጉተኝ ሰለቸኝና ጻፍኩላት።»

አማካሪው እስክሪብቶውን አነሳ። ወረቀቱ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ፤ ከየት ያመጣሁት ድፍረት እንደሆነ አላውቅም።

«ይቆዩኝ መምህር። እንዳለችው ነው የሚጻፈው። ሁለቱ በእናቶቹ ቃል፣ አንዱ በጥፋት። ሦስቱን አንድ ላይ እንዳይጠቀልሉብኝ።»

«ቅጹ ሞልቷል እኮ። ይህን ሁሉ የሚያስገባ ቦታ የለም።»

«ይሄስ?» ከፊርማው በላይ የእጄ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር።

«እሱ ለአስተያየት ነው።»

«የማን አስተያየት?»

እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰድኩ። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎች ለእረፍት ወጡ፣ ተመለሱ። ፊደሎቼ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ መስመሩም ወደ ታች አዘቀዘቀ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ዓመሏ የከፋ ነው ያልኩት እንድታዝኑላት ነው። እውነት አይደለም። ልጄ ትሰማኛለች። ሁለቱን ደብዳቤ እናቶቹ ነግረዋት ጻፈች። ጠይቋቸው። ሦስተኛውን አጥፍታለች። ቅጧት። እንድታባርሯት ግን አልተስማማሁም። ልጄ ናት። አደራ።»

ከዚያ ፈረምኩ። አማካሪው አንብቦ፣ «እንዲህ ዓይነት ነገር ለኮሚቴ አይቀርብም» አለ፤ ግን ወረቀቱ አንድ ብቻ ነው፣ ፊርማዬም እሱው ላይ ነው።

እስከ ሐሙስ እህል አልቀመስኩም ማለት ይቻላል። ወረቀቱን ቀይሮት ቢሆንስ? ሌላ ጽፎ ቢሆንስ? ጠበቃዋን «ምክርሽ ገደል ከተተኝ» ብላት፣ «እኔ ስደቢያት አልኩ እንጂ ሲጽፉ ዝም በይ መቼ አልኩሽ?» አለችኝ። ነገር መቼም አያልቅባትም።

ሐሙስ ርዕሰ መምህሯ አስጠራችን። ደረቅ ሴት ናት፤ ወንበርም አልሳበችልኝ፣ እናትም አላለችኝ። ቆሜ ነው ያነጋገረችኝ። ወረቀቱ እጇ ላይ ነበር፤ ከሩቅ ያን የሚያዘቀዝቅ መስመሬን ሳይ ትንፋሼ ተመለሰ።

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ።»

«ማነው ያስጻፈሽ?»

«ማንም።»

ትኩር ብላ አየችኝ። እሷም እኔን ጠርጥራኛለች። «ሁለቱን እናቶች ዛሬ ጠዋት ጠይቀናል» አለች። «እንዳልሽው ነው። ለሦስተኛው አሥር ቀን ትታገዳለች። ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል። ፈተናዋ ላይ ትቀመጣለች።»

አልተንቀሳቀስኩም። የሚከተል ነገር ያለ መሰለኝ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«የምፈርመው ሌላ ወረቀት የለም?»

«የለም። ሂጂ፣ ሥራ አለብን።»

እንደዚያች ጎርናና ድምፅ የጣፈጠኝ ድምፅ የለም።

ከልጄ ጋር ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። ትደሰታለች ብዬ ነበር። የእግረኛ መንገዱን ንጣፍ እያየች ትሄዳለች። አንዱን መንገድ ተሻግረን ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ተናገረች።

«እማ፣ ዓመሏ የከፋ ነው ያልሽው የምርሽን ነው?»

«ለእነሱ ነው እንጂ ያልኩት! ጻፍኩላቸው አይደል እውነት አይደለም ብዬ?»

«ለእነሱ ጻፍሽላቸው። ለእኔ መቼ ነገርሽኝ? ለጎረቤቱም፣ ለሥራ ጓደኞችሽም ያው ነው የምትዪው። ሁሌ እሰማሻለሁ።»

ቆምኩ። ሰው እየገፋን ያልፋል። ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ዝቅ ሳደርጋት ከፍ የሚያደርጓት ሌሎች ነበሩ። እኔ ራሴ ከፍ ያደረግኳት ቀን ትዝ አላለኝም።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አልኳት። ምላሴ አልለመደውም፤ ደረቅ ብሎ ወጣ። «ሰው የነገረሽን ሳታጣምሚ ትጽፊያለሽ። በአንቺ እኮራለሁ።»

በዓይኗ ጥግ አየችኝ። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም።»

«ልታዢኝ ነው? የካውያ ሥራ አምጥተሻል አይደል?»

«ምንም አልፈለግኩም አልኩሽ!»

አላመነችኝም። ትንሽ ሄዳ ዞር ብላ ታየኛለች፣ ደግሞ ትሄዳለች።

«ልድገምልሽ?» አልኳት ጮክ ብዬ።

«ኧረ እማ፣ በናትሽ፣ ሰው ይሰማል!» አለች፤ ግን እስክደርስባት ቆማ ጠበቀችኝ።