የእኔ ዓው እና የዛሂድ አው

ቴርሚን የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ አለኝ። እስካሁን "አውቀዋለሁ" ያለኝ ሰው ስላላጋጠመኝ ከሥሩ ልጀምር። ሳጥን ነው። በቀኙ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ በግራው የተጠማዘዘ ሽቦ አለው። አይነካም፣ አይነፋም፣ አይመታም። ቀኝ እጅ በአየር ላይ ወደ ዘንጉ ሲጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። ግራ እጅ ደግሞ የድምፁን ጉልበት ይይዛል፤ ወደ ሽቦው ሲጠጋ ዝም ያሰኘዋል፣ ሲርቅ ያስጮኸዋል። አዲስ አበባ ሳለሁ አገር ለቆ ከሚሄድ ሙዚቀኛ ገዛሁት። መቐለ ሥራ ሳገኝ መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ይዤው መጣሁ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ አንገትጌ እየዳበስኩ የተዛባ ስፌት ስለቅም እውላለሁ። ቤቴ ስገባ ምንም ሳልዳብስ፣ እጄን አየር ላይ አንሳፍፌ የማዘፍነው ነገር ሲጠብቀኝ ድካሜ ይለቀኛል። የምወደው ለዚህ ነው፤ ሌላ የተራቀቀ ምክንያት የለኝም።

መከራዬ የድምፁ ጉልበት ነው። መሃል የለውም። ግራ እጄን ቀስ አድርጌ አነሳለሁ፤ ዝም። ትንሽ ከፍ፤ አሁንም ዝም። ጥፍር ታህል ስጨምርበት ኡኡ ብሎ ሰፈሩን ያምሳል። ወይ ዱዳ ወይ እብድ። ለሠሩት ሰዎች ብጽፍላቸው "ይላኩልንና እናየዋለን" አሉኝ፤ አገራቸውን ካርታ ላይ ፈልጌ ሳገኘው ሳቄ መጣ። እዚህ ያሉት ጠጋኞች ደግሞ የባሱ ናቸው። አንዱ ሽቦውን አይቶ ቴሌቪዥኑ የታለ አለኝ። ሌላው ቁልፎቹን ማን ነቅሎ ወሰደብሽ ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። ሦስተኛው ሲጮህ ሲሰማው ወደ በሩ ሮጠ። ጨዋ ነኝ ብዬ አላወራም፤ እሱን እስኪበቃው ሰድቤዋለሁ።

አከራዬ ኣቦይ ኣረጋዊ ጡረታ የወጡ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሮማናት አደባባይ ላይ መኪና ሲያስቆሙና ሲያሳልፉ ስለኖሩ፣ ዛሬም ሲያወሩ እጃቸው ሥራ አይፈታም። "ነይ" ሲሉኝ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና የሆንኩ ይመስለኛል። አማርኛዬን ይወዱታል፤ ትግርኛዬ ያስቃቸዋል። አባቴ የመቐለ ሰው ቢሆንም ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ከወሎዋ እናቴ ጋር ነውና ዓ የምትባለዋን ድምፅ ጉሮሮዬ አያውቃትም። እሳቸው ግን ተስፋ አይቆርጡም። በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ዓይናለም በይ" ይሉኛል። "አይናለም" እላለሁ። መዳፋቸውን ዘርግተው ያስቆሙኝና እንደገና ያስጀምሩኛል።

አንድ ቀን ጠዋት መብራት በጠፋበት፣ የቴርሚኑን ማብሪያ ሳልዘጋው ወደ ሥራ ሄድኩ። እኩለ ቀን ላይ መብራቱ መጣ። አጠገቡ የሰው እጅ አልነበረምና ቴርሚኑ ባለ በሌለ ኃይሉ አገሳ። የኣቦይ ኣረጋዊ ባለቤት ኣደይ ኣስካል ጠበል አምጥተው በሬ ላይ ረጩ። ባላቸው ቆጣሪውን አጠፉ። ስመለስ ሁለቱም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ አንቺን እንወድሻለን" አሉ ኣቦይ ኣረጋዊ። "ሰው እያለ ቢጮህ እሺ። ሰው በሌለበት የሚያለቅስ ነገር ግን ቤቴ አያድርም። እሑድ እመጣና እሰማዋለሁ። ካልተስተካከለ ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ ሁለታችሁም።"

ቤት ሌላም ይገኛል። ግን እዚህ ከተማ ስመጣ አንድ ሰው አላውቅም ነበር፤ አሁን በር ላይ ጠብቆ "ዓይናለም በይ" የሚለኝ ሰው አለኝ። ቴርሚኑን ብሸጠው ደግሞ ከፋብሪካ መልስ ምን ሆኜ እንደማመሽ አላውቅም። ሁለቱንም ነው የፈለግኩት። ያን ቀን እራት አልበላሁም።

በማግስቱ ከሮማናት ወረድ ብሎ ስልክና ስፒከር ወደሚጠግነው ዛሂድ ሄድኩ። ዛሂድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ መቐለ ከመጣ ገና ነው። የእናቴ አገር ሰው መሆኑን ስሰማ ግማሹ ችግሬ የተፈታ መሰለኝ። ሳጥኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም አለ፤ አለማወቁን ሳይደብቅ የነገረኝ የመጀመሪያው ጠጋኝ እሱ ነው። ስለ ድምፁ ጉልበት ነገርኩት። ውስጡ አንድ የደከመ ዕቃ አግኝቻለሁ፣ ለእሑድ ይደርሳል፣ አብሽሪ አለኝ።

ዓርብ ዕለት ሥራ ላይ እያለሁ ደወለ። የስፌት ማሽኖቹ በሙሉ ይንጫጫሉ። አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ሳዳምጥ የሰማሁት "እጅ ሲርቅ ምን ይላል?" የሚል ነው። በዚያ ጩኸት ውስጥ ረጅም ዐረፍተ ነገር አይሠራም። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች በማሽን ድምፅ መሃል "ጮክ በይ" ለማለት የሚጣሩባትን ትግርኛ ቃል ተምሬ ነበርና ኮራ ብዬ በእሷ መለስኩ።

"ዓው!" አልኩት።

"በቃ ገባኝ" አለና ዘጋው።

ቅዳሜ ልቀበለው ስሄድ ሰፈሩ መብራት አልነበረም። ሳንሞክረው ወሰድኩት። ዛሂድ ግን ልቡ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ድምፁ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባልና ሚስቱ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ኣደይ ኣስካል በሩ አጠገብ ቀሩ። ኣቦይ ኣረጋዊ በመሣሪያው ግራ በኩል እንደ ዳኛ ቆሙ። ክሱ ሰው ሳይጠጋው ይጮሃል የሚል ስለሆነ፣ ይህን ቶሎ ልገላገል ብዬ ቀኝ እጄን ብቻ አየር ላይ አነሳሁና ግራ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩት። አሁን እንደ በፊቱ ሳያገሳ በልኩ ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ።

ዝም አለ።

ማብሪያውን አየሁ፤ በርቷል። ቀኝ እጄን ወደ ዘንጉ አስጠጋሁ፤ ዝም። ኣቦይ ኣረጋዊ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ ነው፣ ተስተካክሏል፣ ይቀመጥ አሉ። ኣደይ ኣስካልም ተመስገን አሉ። ቤቴ ተረፈችልኝ፤ ቴርሚኔ ሞተብኝ። ቀኝ እጄ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ እንባዬ መጣ።

"አልተስተካከለም ኣቦይ" አልኳቸው። "ሞቷል።"

እንባ አይወዱም። በድሮ ልማዳቸው መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘርግተው "ደው በሊ" አሉኝ፤ ተይ፣ ቁሚ ማለታቸው ነው። የዘረጉት መዳፍ ከተጠማዘዘው ሽቦ በላይ መጣ፣ ቴርሚኑም ዘፈነ።

እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰቡ። ዝም አለ። ከዚያ እንደገና፣ በዝግታ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ድምፁ ከሹክሹክታ ተነሳ፣ ደግሞ ትንሽ ሞላ፣ ደግሞ ትንሽ፤ ያ ስንት ጠጋኝ ጋር ይዤው የዞርኩት መሃል ድምፅ ቤቴ ውስጥ መጣ። እኔ በቀኝ እጄ ቅጥነቱን ያዝኩ፣ እሳቸው በመዳፋቸው ጉልበቱን። ሲጠሩት ይመጣል፣ እጃቸውን ሲሰበስቡ ይሄዳል። ኣደይ ኣስካል በሩን ትተው ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ስንት ዘመን እጄን ስዘረጋ ሁሉ ይቆም ነበር" አሉ ኣቦይ ኣረጋዊ፣ ዓይናቸውን ከመዳፋቸው ሳይነቅሉ። "ይሄ እጄን ስዘረጋ ይመጣል።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ዛሂድ ገልብጦታል። የሚያስጮኸው ርቀት ዝም እንዲያሰኝ፣ ዝም የሚያሰኘው ቅርበት እንዲያስጮህ አድርጎታል። ወዲያው ደወልኩለትና ማን ገልብጠው አለህ ብዬ ተቆጣሁ። እሱም አልሰነፈም፤ ያልሽኝ አንቺ ነሽ አለ። የጠየቀኝ "እጅ ሲርቅ ምን ይላል?" ብሎ አልነበረም፤ "እጅ ሲርቅ ዝም ይላል?" ብሎ ነው። እኔም በትግርኛ ይጮሃል ለማለት "ዓው" አልኩ። ጉሮሮዬ ዓ ስለማይወጣለት ስልኩ ውስጥ "አው" ሆና ገባች፤ የኮምቦልቻው ልጅ ደግሞ "አው" የምትለዋን የሚያውቃት በእናቱ ቤት ነው፤ በወሎ አዎ ማለት ናት።

ኣቦይ ኣረጋዊ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ሲሰሙ ቆይተው በሳቅ ፍርስ አሉ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዛሂድ አፍሮ ነገ ይዘሽው ነይ፣ ሁለት ሽቦ ማቀያየር ነው፣ በነፃ አስተካክልልሻለሁ አለኝ። ኣቦይ ኣረጋዊ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ።

"ወደይ፣ ልጄ፣ እንዳትነካው" አሉት። "ሰው ሲጠጋው ይናገራል፣ ሰው ሲሄድ ዝም ይላል። ጨዋ የሆነው አሁን ነው።"

ስለዚህ ቴርሚኔ እንደተገለበጠ ቀረ። ግራ እጄ የለመደውን ሁሉ ትቶ እንደ አዲስ እየተማረ ነው፤ ዝም ላሰኘው ስል አስጮኸዋለሁ፣ ኣደይ ኣስካልም በግድግዳው በኩል ይስቁብኛል። አልቆጣም ብል ውሸት ነው፣ ግን ቁጣው አይቆይም።

ያን እሑድ ሊወጡ ሲሉ ኣቦይ ኣረጋዊ በሩ ላይ ቆሙ። "እንግዲህ ጓለይ፣ ትቀመጫለሽ አይደል?" አሉኝ።

"አው" አልኳቸው።

ቅንድባቸውን አንስተው አዩኝ። "ዓው ነው ወይስ አው?"

"ይቺ የእናቴ ናት" አልኳቸው።

መዳፋቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ መንገዱ ክፍት ነው እንደሚሉት መኪና፣ ቃሌን ሳያርሙ አሳለፉኝ።