ከአባቷ ቀጥላ የተናገረች

ፀጋዬ፣ በሚኖርባት የቴክሳስ ከተማ በቤድፎርድ በተጠራው ስብሰባ ላይ ለመናገር እሺ ያለው ለብርቅነሽ ብሎ ነው። የብርቅነሽ ባል ፍቃዱ ዳላስ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ አንድ ተሳፋሪ ከኋላ ተኩሶ ከገደለው ገና ዓመት አልሞላውም። ፀጋዬና ፍቃዱ ሱዳን መጠለያ ጣቢያ በአንድ ድንኳን የኖሩ፣ ቴክሳስም ተከታትለው የገቡ ጓደኛሞች ነበሩ። ብርቅነሽ እንግሊዝኛዋም አያወላዳም፣ ሰው ፊት ቆማ ስለ ባሏ የምትናገርበት አቅምም አልነበራትም።

«አንተ ተናገርልኝ» አለችው። «እኔ ሰው መሀል ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።»

እንደ አሜሪካ አቆጣጠር በ2009 ጸደይ ነው። ኦስቲን ላይ ለቴክሳስ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል፤ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ደብቆ ዩኒቨርሲቲ መማሪያ ክፍል ድረስ ይዞ መግባት ይችላል የሚል። የአካባቢው የምክር ቤት አባል የሕዝብ አስተያየት እሰማለሁ ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ አስከፍቷል። ፀጋዬ ከፍቃዱ ሌላ የራሱም ጉዳይ ነበረው። አንድ ልጁ ፅዮን ከቤታቸው ብዙም በማይርቅ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ትማራለች። ግቢው አጠገብ ከጓደኛዋ ጋር ተከራይታ እየኖረች እሑድ እሑድ ቤት ትመጣለች። ፈተና ላይ ናት ብሎ ስለ ስብሰባው አልነገራትም።

አዳራሹ ሲገቡ ግማሹ ሰው ብርቱካንማ ቲሸርት ለብሷል። ደረታቸው ላይ «መብቴን አትንኩ» ይላል። ግራጫ ሱፍ የለበሰ ሽበታም ሰውዬ በመሀላቸው እየተዘዋወረ ውሃ ያድላል፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚናገር በጆሯቸው ይነግራቸዋል። የምክር ቤት አባሉን በቁልምጫ ስሙ ጠርቶ ትከሻውን አቀፈው። ኮልማን ይባላል። የአንድ የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር ሎቢስት ነው፤ ሕግ አውጪዎችን እያግባባ ደመወዝ የሚበላ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ስለ ፍቃዱ ሰምቶ ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀች ብርቅነሽ።

ፀጋዬ ወንበር ፈልጎ አስቀመጣት።

ተራው ሲደርስ ማይክራፎኑ ጋ ቆሞ ስለ ፍቃዱ ተናገረ። ገዳዩ ሽጉጡን ከሱቅ፣ በሕጉ መሠረት እንደገዛው ተናገረ። በመጨረሻም «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት» አለ። «እዚያ ሽጉጥ ስለማይገባ ሰላም ናት ብዬ እተኛለሁ። እባካችሁ ይህን እንቅልፌን አትውሰዱብኝ።»

ከኋላ ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። ቦታው ተመልሶ ሳይቀመጥ አስተናባሪዋ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

«ዛዮን ቴጌይ!»

ስሙ የልጁ ስም መሆኑ አልገባውም። ብርቱካንማ የለበሰች ልጅ ከፊት ወንበር ተነስታ ስትራመድ አካሄዷን አየና ነው የነቃው። ፅዮን ናት። ብርቅነሽ ክንዱን ያዘችው።

ፅዮን ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገች።

«አሁን የተናገረው አባቴ ነው» አለች በእንግሊዝኛ። «እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ሰላም ናት ብዬ እተኛለሁ ያለው ስለ እኔ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከላይብረሪ ወጥቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ አንድ ሰው ሽጉጥ አንገቴ ላይ ደገነ። ንጂ አለኝ። መሽቶ ጨለማ እስኪሆን ድረስ አስነዳኝ። ከዚያ ሀይዌይ ዳር ገፍትሮ ጥሎኝ መኪናውን ይዞ ሄደ። ግቢው ውስጥ ሽጉጥ ክልክል ነው የሚለው ሕግ የከለከለው እኔን ብቻ ነው። ለቤተሰቤ መኪናው ተሰረቀ ነው ያልኳቸው።»

ፀጋዬ መኪናው ተሰረቀ ብላ የደወለችለት ቀን «መኪና ብረት ነው፣ ዋናው አንቺ ነሽ» ብሎ ስቆ ነበር። ራሱ ይነዳት የነበረችውን ኮሮላም ሰጥቷታል። ያን ቀን ድምጿ ላይ ምንም አልሰማም። ምንም!

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ኮልማን ደርሶ ፅዮንን በአንድ ክንዱ አቀፋት። ፀጋዬ እግሮቹ እንዴት እንደወሰዱት ሳያውቅ ወርዶ ከሰውየው እቅፍ ነጠቃት፣ ደረቱ ላይ ለጥፏት አለቀሰ። የካሜራ ብልጭታ ፊቱ ላይ ሲበራ ልብ አላለውም።

ውጪ፣ ኮሮላዋ አጠገብ ሲደርሱ ፀጋዬ ጠየቃት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባዬ፣ ማለቴ… ብነግርህ ትምህርት አቁሚ፣ ቤት ግቢ ትለኝ ነበር።»

«እና ለዚያ ሰውዬ ነገርሽው?»

«ግቢ ውስጥ ስለ ሴፍቲ ሚቲንግ ነበር፣ ሶ እዚያ ሄድኩ፤ እሱም መጥቶ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ካውንስለር ጋ አፖይንትመንት ያዢ ነው የሚለኝ። እሱ ቁጭ ብሎ እስክጨርስ ሰማኝ።»

ይህ ከሁሉም በላይ አመመው። ቀጥሎ የመጣለትን ጥያቄ ግን ሊውጠው አልቻለም።

«ሽጉጥ ገዝተሻል?»

ፅዮን አንገቷን ደፋች። «ኮሮላው ውስጥ ነው። ከፊት፣ ወረቀት የምናስቀምጥበት ጋ።»

ባለፈው እሑድ ዘይት ላስቀይርልሽ ብሎ መኪናውን ወስዶ ሲነዳ ውሏል። ሽጉጥ ጉልበቱ አጠገብ አብሮት ሲዞር ነበር ማለት ነው።

ወሩ ሳያልቅ ብርቅነሽ ሳትደውል ቤቱ መጣች። እጇ ላይ ከኮልማን ማኅበር በፖስታ የመጣላት የሚያብረቀርቅ ወረቀት አለ። ፀጋዬ ፅዮንን አቅፎ ሲያለቅስ የሚያሳይ ፎቶ ገጹን ሞልቶታል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «እውነቱን ሲሰማ ሀሳቡን የለወጠ አባት» ይላል።

«ጎረቤቴ ናት ያነበበችልኝ» አለች። ቁጭ በይ ቢላትም አልተቀመጠችም። «ፀጋዬ፣ ፍቃዱን ሸጥከው?»

«ብርቄ! እኔ እንዲህ አላልኩም። የት ብዬ?»

«ታዲያ ፎቶው የማነው?»

ወጥታ ሄደች። ፀጋዬ ወረቀቱን ይዞ በቆመበት ለፅዮን ደወለ። ፅዮን ወረቀቱን መጥታ አየችው። እዚያው አባቷ ፊት ኮልማን ጋ ደወለች፣ እሱም እንዲሰማ የስልኩን ድምጽ ከፍ አደረገችው።

«አባቴ ሀሳቡን አልለወጠም» አለችው። «ሲናገር እዚያው ነበርክ።»

«ምርጥ ፎቶ ነው እኮ» አለ ሰውየው በለሰለሰ ድምጽ። «ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ የተነሳ ነው፣ ማንም አይከለክለንም። ምክር ቤቱ ፊት ለመመስከር ኦስቲን ስትመጪ አባትሽንም ይዘሽ ነይ።»

«የተናገረውስ?»

ኮልማን ሳቅ አለ። «የተናገረውን ማን ያስታውሰዋል፣ የኔ ቆንጆ?»

ፅዮን ስልኩን ዘጋችው።

በነጋታው ፀጋዬ የሰጠሁት አስተያየት እንዴት ተመዘገበ ብሎ የምክር ቤት አባሉ ቢሮ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ኮምፒውተሯን አየች። «አዎ ጌታዬ፣ እዚህ አሉ፣ ከደጋፊዎቹ ጋር» አለችው፤ አመሰገነችውም። አይደለሁም ቢላት አስተካክላለሁ አለች። በሳምንቱ ሲደውል አሁንም ከደጋፊዎች ጋር ነው። ይሄን ጊዜ ፅዮን «እንሂድ» ብላ ራሷ ነድታ ቢሮው ድረስ ወሰደችው።

«እኔ ሕጉን እደግፋለሁ» አለቻት ሴትየዋን። «እሱ ይቃወማል። ሁለታችንንም እንደዚያው ጻፊን።»

ሴትየዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች። «አንድ ቤተሰብ አይደላችሁም እንዴ?»

ፅዮን ኦስቲን አልሄደችም። ሽጉጡንም አልመለሰችም፤ በዚህ ጉዳይ እስከዛሬ አልተስማሙም። ብርቅነሽ ጋ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ብርቅነሽ ልጅቷን ይቅር ብላ ሳመቻት፤ ፀጋዬን ግን ገና ቀና ብላ አታየውም። ረቂቁ በዚያ ዓመት ሳይጸድቅ ቀረ።

በበጋው አንድ ጠዋት ፀጋዬ የቆሻሻ በርሜል ወደ መንገድ ሲያወጣ፣ ሰላምታ እንኳ የማይሰጠው ጎረቤቱ መንገዱን ተሻግሮ መጣና እጁን ጨበጠው።

«ወረቀቱ ላይ አየሁህ። ሀሳብን መለወጥ ቀላል አይደለም፤ ወንድ ነህ!»

«አልለወጥኩም» አለ ፀጋዬ።

ሰውየው ፀጋዬ እንግሊዝኛ የተሳሳተበት መስሎት ፈገግ አለ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደ ቤቱ ተመለሰ።