ጠጠር በዋዲዕ መቃብር ላይ

እናቴ የሞተውን ወንድሜን ለቲርጻ ሰጠቻት። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ወንድሜ ዋዲዕ ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከቤተልሔም ወደ መንደራችን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ኬላው ጋ፣ አንድ የእስራኤል ወታደር ተኩሶ ገደለው። ወታደሩ «መኪናው አልቆመም» አለ። ቆሞ እንደነበር ያዩ ሰዎች አሉ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤት ውስጥ ስሙን አንስታ አታውቅም። እኔ ሳነሳው ብድግ ትልና ዕቃ ታጥባለች፣ ቀድሞ የታጠበም ቢሆን።

ቲርጻ የኢየሩሳሌም ሰው ናት። ልጇ ኤልአድ ወታደር ሳለ ጋዛ ድንበር ላይ ሞተ። ሲሞት የለበሰው ወንድሜን የገደለው ሰው የለበሰውን ዓይነት ልብስ ነበር። ይህን አልረሳም፤ እሷም እንድረሳላት ጠይቃኝ አታውቅም። ከእናቴ ጋር የተዋወቁት ከሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች በሚሰበሰቡበት ማኅበር ነው። አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይናገራሉ፣ ሰው ያለቅሳል፣ ይጨበጨባል። አንድ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ጋዜጠኛ ማይክሮፎኑን አስጠግቶ «በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ሰላም ይመጣል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለኝ።

«ለእነዚህ ለሁለቱ መጥቶላቸዋል» አልኩት፣ ጥግ ይዘው ኬክ እየተጎራረሱ የሚስቁትን እያሳየሁት። «የቀረነው እኛ ነን።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቲርጻ ከፖላንድ ከመጡት አይሁዶች ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ወላጆቿ ግን የባግዳድ አይሁዶች ናቸው። ዐረብኛዋ የአያቷ ዐረብኛ ነው። እናቴን «ዓይኔ» ትላታለች። እናቴ ደግሞ «ኡሙ ኤልአድ» ትላታለች፣ እሷም መልሳ «ኡሙ ዋዲዕ»። እኛ ዘንድ እናት የምትጠራው በመጀመሪያ ወንድ ልጇ ስም ነውና ልጁ ሞቶም እናቴ የዋዲዕ እናት ናት። የሱሃድ እናት ብሎ የጠራት ሰው የለም። ሱሃድ እኔ ነኝ።

ሐሙስ ሐሙስ መቃብሩን የማጸዳውም እኔ ነኝ። እናቴ «ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ አለኝ፤ ካላስቸገርኩሽ አንቺ ብትሄጂልኝ» ትላለች። ካላስቸገርኩሽ! ድሮ በጩኸት ነበር ከአልጋ የምታስነሳን፤ የጎረቤት ዶሮ እንኳ ድምፅዋን ሲሰማ ይሸሽ ነበር። አሁን ግን ለእንግዳ እንደሚነገር በዝግታ ታናግረኛለች፣ «ይቅርታ»፣ «ከቻልሽ»። ወንድሜ ሲሞት እኔንም አብራ የቀበረችኝ ይመስለኛል።

በዚህ በጋ መቃብሩ ላይ ጠጠሮች ማግኘት ጀመርኩ። ለስላሳ፣ ነጫጭ፣ ራስጌው ጠርዝ ላይ ተደርድረው። በእኛ ነገር የተናደደ ጎረቤት ያስቀመጠው ስድብ መሰለኝ፤ ቢጫ የእስራኤል ታርጋ ያለው መኪና በራችን ላይ ሲቆም ፊቱን የሚያዞር ሰው አይጠፋም። ጠርጌ ከግንቡ ሥር ጣልኳቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ሌሎች ነበሩ። እነሱንም ጣልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ ቲርጻ ምሳ መጣች። ማታ ቤት ጃላ ከተማ የሚናገሩበት ስብሰባ ነበራቸው። እናቴ መቅሉባ ሠርታለች፦ ዶሮው፣ ደበርጃኑና ሩዙ በድስት ተደራርበው ይበስሉና ትሪ ላይ ይገለበጣሉ። ድስቱ ከመነሳቱ በፊት ቂጡን በማንኪያ የሚመታ አንድ ሰው ይኖራል። በእኛ ቤት ያ ሰው ዋዲዕ ነበር፤ እንደ ሠርግ ከበሮ ነበር የሚመታው። እሱ ከሞተ በኋላ መቅሉባ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበርና ማንኪያውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

እናቴ ለቲርጻ ሰጠቻት።

«ምቺ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቢፈርስብኝስ?»

«ቢፈርስማ አላህ ይውሰድሽ! ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነው የሠራሁት።»

ቲርጻ መታች። ድስቱ ሲነሳ ሩዙ በአንድ ጎኑ ተናደ።

«ይኸው! እጅሽ ይቆረጥ! አንቺን ብሎ ባለሙያ!» አለች እናቴ፤ ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሱሃድ፣ ካላስቸገርኩሽ እርጎውን ታቀብዪኛለሽ?»

አቀበልኳት።

ቲርጻ እየበላች «ኡሙ ዋዲዕ፣ ስመጣ መቃብሩ ጋ ጎራ ብዬ ነበር፤ ጠጠሮቹ እኮ ዛሬም የሉም» አለች። «ነፋስ ይሆን የሚያነሳቸው?»

«የትኞቹ ጠጠሮች?» አልኩ።

እናቴ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። የመለሰችልኝ ቲርጻ ናት።

«እኛ ዘንድ መቃብር ስንጎበኝ ጠጠር እናስቀምጣለን፣ መጥቼ ነበር ለማለት። ከእናትሽ ጋር በሄድን ቁጥር ዋዲዕ ላይ አስቀምጣለሁ።»

«አንቺስ ዳገቱን እንዴት ወጣሽው?» አልኳት እናቴን።

«በመኪናዋ... እስከ በሩ ታደርሰኛለች።»

«እኔ ግን ሐሙስ ሐሙስ አብረሽኝ እንድትወጪ ስጠብቅሽ ጉልበትሽን ያምሽ ነበር።» ወደ ቲርጻ ዞርኩ። «ጠጠሮችሽን የጣልኩት እኔ ነኝ። ስድብ መስሎኝ ነው።»

«ስድብ?» አለች ቲርጻ። ሳቅ አመለጣት። «አልቀየምኩም፣ ዓይኔ። የእኔዋ ልጅ ከእናንተ ጋር ማዕድ ስለምቀርብ የኤልአድ መቃብር አብራኝ አትሄድም። እናትሽ ‹ልጄ ሐሙስ ሐሙስ ትጠርጋለች› ያለችኝ ቀን በቅናት ነው የተቃጠልኩት።»

«ቅናቱንም ልትወስጂብኝ ነው?» አልኳት።

«ሱሃድ!» አለች እናቴ። «እባክሽ፣ ካላስቸገርኩሽ...»

«ካላስቸገርኩሽ አትበዪኝ! ለእሷ የምትነግሪያትን ለእኔ የማትነግሪኝ ለምንድን ነው? ለመስማት ልጅ ሊሞትብኝ ይገባል?»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ዕቃ ለማጠብ ትነሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተነሳችም።

«የዚያን ዕለት ጠዋት አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ» አለች። «ወለሉን አጥቤ ሳልጨርስ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ረገጠው። ቁልፍ ረስቶ ነበር። ‹አላህ ይውሰድህ!› አልኩት። እየሳቀ ወጣ።» እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ወሰደው።»

በመንደራችን ይህን የማትል እናት የለችም። ለልጅም፣ ለፍየልም፣ አልሠራ ላለ ስልክም ይባላል። ማንም ትርጉሙን አያስበውም።

«ሁሉም እናት ይላል» አልኳት።

«ሁሉም ይላል። የተሰማው የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ካንቺ ጋር ስሆን አፌን እፈራዋለሁ። ስሙን ያነሳሁ እንደሆነ ይህን መናገሬ አይቀርም፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ቲርጻን ስትረግሚያት አትፈሪም?»

ቲርጻ አፏን በናፕኪን ጠረገች።

«እኔን? እኔን ቢወስደኝ ምን ቸገራት!»

«አንቺ ዝም ብለሽ ብዪ» አለቻት እናቴ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ወደ ሦስት ዓመት ገደማ የለመንኩት መልስ ይህ ነበር፤ ቲርጻ ግን ቀድማኝ ታውቀዋለች። ቅናቴ አልበረደም። ሳስበው የባሰ ነው፤ ያቺ ሴት የምትበላውን እርግማን እኔ መብላት ፈለግሁ። ተነሳሁና ከበሩ ኋላ ከተሰቀሉት ፌስታሎች አንዱን መዘዝኩ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ጠጠሮቹን ልለቅም። የት እንደጣልኳቸው አውቃለሁ።»

«ምግቡስ?»

«ይቆየኛል።»

«ይቀዘቅዛል!»

«ይቀዝቅዝ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ የሠራሁትን! በባዶ ሆድሽ፣ በዚህ ፀሐይ... አላህ ይውሰድሽ አንቺ ልጅ!»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፊቷ አመድ መሰለ። የቲርጻ ሹካ አየር ላይ ቀረ።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አጠለቅሁ፤ አልቸኮልኩም፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት።

«ስመለስ ሳላወልቀው ነው የምገባው» አልኳት፤ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።