ቆሟል

አባርቷል ቢል ኖሮ እኮ ያኔውኑ ሰው ሁሉ ስህተቱን ያውቅበት ነበር፣ አላለም፣ ቆሟል ነው ያለው፣ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ነሐሴ በመጣ ቁጥር የሱቁ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ያችኑ ቃል ይመልስበታል፣ ቆሟል ቆሟል ቆሟል፣ ራሱ ግን አይቆምም። ሰዲቅ ባንኮኒውን ተደግፎ ስልኩን ያያል። ጎጆ ከተማ ያለው ሾፌር ፉፋ እስካሁን አልደወለም። ክረምት ከገባ፣ ከአምቦ ወደ ጎጆ የሚወጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ሱቁ ብቅ ይላል፣ ሰዲቅ፣ መንገዱ እንዴት አደረ፣ ጭቃው ያሳልፋል፣ ወንዙ ጎደለ፣ እሱ ከፉፋ ይሰማል፣ ለሰው ያድላል፣ ለአላህ ብሎ፣ በዚያው ሳሙና የሚገዛ ከተገኘም አይጠላም። ማን ተሾም አለው፣ ኦሮምኛውን ከገበያ የለቀመ የስልጤ ልጅ፣ ዋጋ መከራከር ስለቻለ ቋንቋ የቻለ የመሰለው።

ያን ቀንም እንደ ዛሬው ጾም ነው፣ አፉ ደርቋል፣ ናኦሚ የክትባቱን ሳጥን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች፣ የጎጆ ነርስ፣ የቲቸር ዓብዲሳ ሚስት፣ በረዶው ከማታ አያልፍልኝም ሰዲቅ፣ ቶሎ ጠይቅልኝ። ፉፋ ይደውላል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ዻበቴራ፣ ዻበቴራ፣ ከዚያ ጠፋ። ሰዲቅ ስልኩን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ ቆሟል፣ አላት። ጌታ ይመስገን፣ አለች፣ ሳቀች፣ ሳጥኑን ትከሻዋ ላይ አንግታ ድንች ሊጭን የሚወጣ አይሱዙ ላይ ዘላ ወጣች። ዝናቡ ቆሟል። እሱ የመሰለው ይህ ነው፣ እሷም የገባት ይህ ነው። ፉፋ ግን ዻበቴራ ሲል መኪና ቆሟል ማለቱ ነበር፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ማንም እንዳይወጣ። ዝናብ ቢሆንማ ጫሜራ ይል ነበር፣ አባርቷል፣ የጎጆ ሰው ለዝናብ ጫሜራ ነው የሚለው፣ ይህን የአምቦ ሕፃን ያውቃል፣ ሰዲቅ ያወቀው ከቀብሯ ሲመለስ ነው።

አይሱዙው ወንዙ ጋ ደርሶ ዞረ፣ እሷ አልዞረችም፣ በረዶው ሊሟሟባት ነው፣ ገባች። ሳጥኑ ከነክዳኑ ተገኘ። እሷ በሦስተኛው ቀን። ወንዙ ጋ የገባችው በራሷ ነው ይላል አንዳንዴ፣ ሲጨንቀው፣ ከዚህ ሱቅ ባትነሳስ፣ እዚያ ምን አደረሳት።

ከሁሉ የሚብሰው እሱ የዳነበት መንገድ ነው። ደጃፉ ላይ ሎሚ የምትሸጠው ሸዋገነት ሰምታለች፣ ለለቅሶተኛው ሁሉ ማለች፣ ሰዲቅማ ቆሟል ብሏታል፣ በዚህ ጆሮዬ። ፉፋም፣ አዎ፣ መኪና ቆሟል ብዬ ነግሬዋለሁ፣ አለ። ያችው ቃል እሷን ወንዝ ጨምራ እሱን መካሪ አደረገችው፣ ዓብዲሳ በለቅሶው መሀል እጁን ያዘ፣ አንተስ ነግረሃታል ወንድሜ፣ እሷ ናት አልሰማ ያለች፣ ግትር። ሰዲቅ ዝም አለ። ዝምታ ጾም ያፈርሳል እንዴ፣ አያፈርስም ይሉታል፣ ሁለት ዓመት የጾመው ግን ረኃብ ብቻ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

መጡ። ዓብዲሳ ጃንጥላውን ያራግፋል፣ ከኋላው ልጁ አቢጊያ፣ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ቁመቷ ቁርጥ ናኦሚ፣ ቦርሳ አንግታለች፣ በዚያው ትከሻ፣ ያ አላህ። አከም ቡልቴ ሰዲቅ፣ አማቴ ጎጆ ታመዋል፣ ልናያቸው ነው፣ መንገዱ እንዴት ነው። ፉፋ አልደወለም፣ ይላል ሰዲቅ። አባባ፣ ዝናቡ ቀለል ብሏል፣ እንሂድ በቃ። እንደ እናትሽ ግትር አትሁኚ፣ ቆሟል እየተባለች ሄዳ አይደል፣ ሰው ሲመክርሽ ስሚ። ልጅቱ ታቀረቅራለች፣ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ አይደለም፣ በእናቷ ታፍራለች፣ በእሱ ፊት፣ ከሰው ሁሉ በእሱ ፊት።

ስልኩ ይጮኻል። ፉፋ ነው፣ ዛሬ ድምፁ ጥርት ብሏል፣ ጫሜራ ሰዲቅ፣ ወንዙም ጎድሏል፣ ይምጡ።

ምን አለ፣ ይላል ዓብዲሳ። ቆሟል፣ ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ናት፣ ማለት ይቻላል፣ ቢላት ይሄዳሉ፣ በሰላም ይመለሳሉ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ የወጣው ወጥቷል፣ ምን ይቆፍራል፣ ሸዋገነት ደጅ ሎሚዋን ትደረድራለች፣ ጆሮዋ ቆሟል፣ አሁን ከተናገረ እስከ ማታ አምቦ ያውቃል፣ ከዛሬ ወዲያ ማን መንገድ ይጠይቀዋል፣ ማን ሰላም ይለዋል፣ ፈራ፣ በጣም ፈራ፣ የልጅቱ አንገት ግን አሁንም እንዳቀረቀረ ነው።

አባርቷል፣ ይላል። ለናኦሚም ያኔ ያልኳት ይህንኑ ነው።

ቆሟል ነው ያልካት፣ ይላል ዓብዲሳ፣ ሸዋገነት ሰምታለች። ቆሟል ነው ያልኳት፣ ዝናቡን ነው፣ የፉፋ ኦሮምኛ አልገባኝም ኦቦ ዓብዲሳ፣ እሷም የነገርኳትን ይዛ ሄደች። የጃንጥላው ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

አቢጊያ ቀና ትላለች። እማዬ እርስዎን ሰምታ ነው የሄደችው?

አዎ ልጄ፣ ይላል፣ እኔን ሰምታ።