ከመስመሩ በላይ የነበረው ጽሑፍ

በመብራት ቢሮው የወጣላት ስም ሚዛን ነው። ተራ ስታስከብር የገዛ እናቷን እንኳ አታሳልፍም ይሏታል፤ ውሸትም አይደለም። ኃይል ሲያጥር የትኞቹ ቤቶች ለጥቂት ሰዓት መብራት እንደሚጠፋባቸው በየጠዋቱ የሚመርጠው የቆጣሪዎቹ መረጃ ያለበት ዳታቤዝ ነው፣ ዳታቤዙን የምትጠብቀው ደግሞ እሷ። ቆጣሪዎቹ ከቢሮ ሆነው የሚዘጉና የሚከፈቱ ስለሆኑ መሰላል የሚሸከም ሰው አያስፈልግም። ሚዛን ሥራዋን ትወደው ነበር። ሀብታም ድሃ ሳይባል ሁሉም በየተራው ይጠፋበታል፤ ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይመጣል?

ከእሷ በፊት በዚያ ወንበር የኖሩት ጋሼ ሐተታ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን ሰው ረስቶታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለኮምፒውተሩ አንድ መስመር ትእዛዝ ከጻፉ፣ ከመስመሩ በላይ አንድ አንቀጽ ማብራሪያ ያሰፍሩ ነበር፦ ለምን እንደተጻፈ፣ ማን እንደጠየቀ፣ አንዳንዴም የዚያን ቀን ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለሰው እንጂ ለማሽኑ አይደለም፤ በምልክት ስለሚታጠር ማሽኑ ዘሎት ያልፋል። ሚዛን ግን መዝለል አቃታት። አንዲት ትእዛዝ ፈልጋ ፋይሉን በከፈተች ቁጥር የሽማግሌውን ወሬ ስታገላብጥ ትውላለች፣ ትበሽቃለች።

ዳታቤዙ የሚቀመጥበት አዲስ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሲመጣ ትእዛዞቹን ሁሉ ያሻገረችው እሷ ናት። የተጠቀመችው፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት በኮምፒውተሯ ጥቁር መስኮት ነው። መስኮቱ አንድ ጠባይ አለው፦ የተሰጠውን ፋይል ለሰርቨሩ ከማድረሱ በፊት፣ ለሰው የተጻፈውን ማብራሪያ መንገድ ላይ አራግፎ ይጥለዋል። ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰው ደረቁ ትእዛዝ ብቻ ነው። አትጣል ከተባለ ደግሞ አይጥልም፤ ሲከፍቱት አንዲት ቃል መጨመር ይበቃል። ሚዛን ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፣ አሳምራ ታውቃለች። ጋሼ ሐተታን ዛሬ አጥቤ ላሰጣ ነው ብላ ስትቀልድ ክፍሉ ሁሉ ሰምቶ ስቋል።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሌላ ነገር ስታስተካክል ከዚያ ደረቅ ትእዛዝ መሀል አንዲት መስመር ዓይኗ ውስጥ ገባች። ተራ ሲመረጥ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ብቻ፣ ተለይቶ እንዲታለፍ ታዛለች። ለምን እንደሆነ የሚገልጽ ነገር የለም። አድራሻውን ብታየው ጋሼ ሐተታ ከሚኖሩበት በር ቀጥሎ ያለው ቤት ሆኖ ተገኘ። ደሟ ፈላ። አለቃዋ ዘንድ ገብታ ይሄ ዓይን ያወጣ አድልዎ ነው አለች፤ ሕዝቡ ተራውን ሲጠብቅ የጋሼ ጎረቤት ተንደላቆ ይኖራል። አለቃው አዲስ ናቸው፣ ነገርም አይወዱም። እስቲ መጀመሪያ ለሽማግሌው ደውዪላቸው አሏት። ምኑ ይጠየቃል ብላ ወጣችና መስመሯን ሰረዘቻት። የዚያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ደስ ብሏት ነበር። በኋላ አንጀቷን ያቃጠላት ይሄው ደስታ ነው።

ለዚያ ቤት ተራው የደረሰው ብዙ ሳይቆይ ነው። ረፋድ ላይ የብልሽት ክፍሉ አንድ ስልክ ወደ እሷ አዞረላት። የደወለችው ሴት አልጮኸችም።

«እህቴ፣ የአባቴ መተንፈሻ ማሽን ቆመ። መጠባበቂያ ብለን ያስቀመጥነውም የኦክስጅን ሲሊንደር እያለቀ ነው። እኛ ቤት እኮ አይጠፋም ነበር።»

ሚዛን ክው አለች። ወዲያው ቆጣሪውን ከፈተችው። መልሳ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ጎረቤት ናት፤ አምቡላንስ መጥቶ ሰውየውን ወስዷቸዋል አለቻት። ያን ጊዜ ሚዛን የድሮውን ፋይል ፈልጋ ከፈተች። ያራገፈው መስኮቱ ነው እንጂ ፋይሉ ምንም አልጎደለበትም። ከመስመሯ በላይ ጋሼ ሐተታ እንደ ልማዳቸው ጽፈዋል፦ ይህን ቆጣሪ አትንኩብኝ፤ ጎረቤቴ በማሽን ነው የሚተነፍሱት፤ የሐኪም ወረቀት አይቼ፣ አለቃም አስፈቅጄ ነው፤ የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ለልጃቸው ደውሉ። ስልኳንም አስቀምጠዋል።

ሆስፒታል ስትደርስ ጋሼ ሐተታ ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሰውየው ኦክስጅን ተሰክቶላቸዋል፣ ግን ገና አልነቁም፤ ሐኪሞቹም እንጠብቅ እንጂ ሌላ አላሉም። ሚዛን አጠገባቸው ተቀመጠች። ከየት እንደምትጀምር ሲጠፋት እሳቸው ቀደሟት።

«ሳልጽፈው ቀርቼ ነው፣ ልጄ። ጽፌዋለሁ ብዬ ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ። ጉንፋኔን እንኳ ስጽፍ ኖሬ ይቺን ረሳኋት። አእምሮዬ ከድቶኛል ማለት ነው።»

ዝም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። አለቃውም ቢሆኑ ሽማግሌው ረስተው ነው ቢባሉ ደስታቸው ነው። እሳቸው አእምሮዬ ከዳኝ እያሉ ቀሪ ዘመናቸውን ይገፋሉ፣ እሷም ሚዛን እንደተባለች ትኖራለች። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰበችው፣ ማሰቧም አሳፈራት።

«ጽፈውታል፣ ጋሼ» አለች። «የጣልኩት እኔ ነኝ። ሲጣልም አውቅ ነበር።»

«ጽፌው ነበር?»

«ጽፈውት ነበር። የልጃቸው ስልክ ሳይቀር።»

ጋሼ ሐተታ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። እፎይታቸውን ከምታይ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። የቀረው ነገር ቀስ እያለ ነው የገባቸው። ዞር ብለው በቁጣ አዩዋት።

የክፍሉ በር ተከፍቶ ዓይኗ ያበጠ ሴት ወጣች። ይቺ ማን ናት ብላ ጋሼን ጠየቀች፤ ድምፁ ሚዛን ስልኩ ላይ የሰማችው ነው። ሚዛን አንገቷን ደፋች። የእሳቸውን ሐተታ የተመኘችው ያኔ ነው፤ ስለ ሰርቨሩ፣ ስለ መስኮቱ፣ እንዲህ ያለ ነገር በማንም እንደሚደርስ የሚያስረዳ አንድ ረጅም ወሬ።

«ከመብራት ቢሮ ናት» አሉ ጋሼ ሐተታ። «የምትነግርሽ ነገር አላት።»

ከዚያ ተነሥተው መቀመጫቸውን ለሴትየዋ ለቀቁላት።